«ስቴክ ያልለመደ ሰው እንዲህ ይሰማዋል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የመጨረሻ ልጃችን ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ስለተመረቀልን፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ምሽት ባለቤቴን፣ ተመራቂውንና ለምርቃቱ ከገጠር የመጡትን የ74 ዓመት እናቴን ይዤ በጣና ዳር ካሉት ዘመናዊ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ። ቤቱ በስቴክ ስሙ የተጠራ ነው፤ ዋጋው እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛ በቀላሉ የሚደፍረው ስላልሆነ ለዚህ ምሽት ከወራት በፊት ጀምሬ ገንዘብ ሳስቀምጥ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደውዬ ሐይቁን የሚያሳይ ጠረጴዛ ለአራት ሰው አስይዤ ነበር። ስንደርስ ለሌሎች ተሰጥቶ አገኘነው፤ ምክንያቱን የነገረን ሰው ሳይኖር በወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭስና ጫጫታ በሚወጣበት ጥግ ተቀመጥን። ለእናቴ ዓሣ ላዝዝ አስቤ ሳለሁ አስተናጋጁ «ፊሌው ይሻላቸዋል፤ በጣም ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይፈልግም» ስላለኝ ለአራታችንም ያንኑ አዘዝኩ። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው «ፊሌ ስቴክ፣ 300 ግራም፣ 1,850 ብር» የሚል ነው። እኔና ልጄ መካከለኛ ብስለት ያለው፣ ባለቤቴና እናቴ ደግሞ በደንብ የበሰለ እንዲሆንላቸው ተናገርን።

ከ50 ደቂቃ በኋላ የቀረበው ሥጋ አራቱም አንድ ዓይነት፣ ውስጡ ግራጫ የሆነና የደረቀ ነበር። ስፋቱ መዳፌን ያህላል፤ ውፍረቱ ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ በመሃሉም ነጭ ጅማት ከዳር እስከ ዳር አልፎበታል። ልጄ እንደምንም ጨረሰው፣ እኔም አብዛኛውን በላሁት፣ ባለቤቴ ግማሹን ተወችው። እናቴ ግን ማኘክ ያቃታቸውን ቁራጭ ማንም እንዳያይባቸው በናፕኪን ጠቅልለው ከሰሃኑ ሥር ሲያደርጉ አየኋቸው። ያንን ካየሁ በኋላ እኔም ምግቡ አልወረደልኝም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምግቡ እንዴት እንደሆነ ሊጠይቀን የመጣ ሰው አልነበረም።

ሂሳቡ ሲመጣ 10,373 ብር ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ፤ እኔ የደመርኩት አራት ስቴክ 7,400 ብር፣ መጠጥ 800 ብር፣ በድምሩ 8,200 ብር ነበርና። ሥራ አስኪያጁን አስጠርቼ ስለ ሥጋውም ስለ ሂሳቡም ቅሬታዬን ስነግራቸው፣ በልጄና በእናቴ ፊት «ይህ የአውሮፓ አሠራር ነው፤ ስቴክ ያልለመደ ሰው እንዲህ ይሰማዋል» ብለውኝ ሄዱ። ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ልጄ የሆነውን ሁሉ ከአስተናጋጁ ፎቶ ጋር በቲክቶክ ልልቀቀው ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» ትላለች። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ በእርግጥ ስቴክ እንዲህ ነውን? በሂሳቡ ላይ የተጨመረው ገንዘብ ትክክል ነው ወይ? ሳልከራከር ከፍዬ መውጣቴስ ጥፋት ነውን? አሁንስ ምን ማድረግ እችላለሁ? እናቴ እስከ ዘመን መለወጫ ከእኛ ጋር ስለሚቆዩ ልክሳቸው እፈልጋለሁ፤ የት ልውሰዳቸው የሚለው ግን አስፈርቶኛል።

የዓምዱ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ይከበሩ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ልጅዎን እንኳን ደስ ያለው ይበሉልኝ። እናትዎም ለዚህ ቀን በመብቃታቸው ደስ ብሎኛል።

ስለ ሥጋው ባነሱት ጥያቄ እጀምራለሁ። ሥራ አስኪያጁ የሰጡዎት መልስ በሙሉ የቆመው «ጉድለቱ ከእርስዎ አለመልመድ ነው እንጂ ከሥጋው አይደለም» በሚል ግምት ላይ ስለሆነ፣ ይህ ግምት እውነት መሆን አለመሆኑ ሳይታወቅ ስለ ቀሪው መነጋገር አይቻልምና።

በምግብ ዝርዝር ላይ ፊሌ ተብሎ የሚጻፈው እኛ ጭቅና የምንለው ሥጋ ነው። በበሬው ጀርባ አጥንት ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ በግራና በቀኝ ተጋድሞ የሚገኝ ረጅም ሥጋ ሲሆን፣ በሬው ሲያርስም ሆነ ሲራመድ እንደ እግርና እንደ ትከሻ ጡንቻ ስለማይሠራ አይጠነክርም። ከአንድ በሬ የሚወጣው ሁለት ጭቅና ብቻ ነው፤ ዋጋው ከሌላው ሥጋ ሁሉ የሚበልጠውም ስለዚህ ነው። ጭቅና ላዩን የሚሸፍን ነጭ ሽፋን አለው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሥጋ ቆራጭ ሥጋውን ከመከፋፈሉ በፊት ይህን ሽፋን በቀጭን ቢላ ገፍፎ ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ በቁራጩ መሃል ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ጅማት አይገኝም። ቅርጹም ክብና ወፍራም ነው፤ በተለይ የአገራችን በሬ ጭቅና ቀጠን ያለ ስለሆነ 300 ግራም የሚመዝን ቁራጭ ከአንድ ጣት ውፍረት እጅግ ማለፍ አለበት። አንዳንድ ወጥ ቤቶች ቶሎ እንዲበስል ለሁለት ሰንጥቀው ይዘረጉታል፤ ይህ ስፋቱንና ስስነቱን ሊያስረዳ ቢችልም ጅማቱን ግን አያስረዳም።

ሰሃኑን በዓይኔ ስላላየሁ «የቀረበላችሁ ጭቅና አልነበረም» ብዬ ልመሰክር አልችልም። ነገር ግን እርስዎ በጥንቃቄ የገለጹት ሥጋ ከኋላ እግር የሚወጣን ሥጋ እንጂ ጭቅናን አይመስልም። እንዲህ ያለው ሥጋ መጥፎ ሥጋ አይደለም፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። በጅማት የተያያዘ ሥጋ በወጥ ውስጥ ለሰዓታት ቀስ እያለ ሲበስል ጅማቱ ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል፤ በጋለ ብረት ላይ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ግን ተኮማትሮ ሥጋውን ይጎትተዋል፣ ያደርቀዋልም። ይህን የሚያውቁት አውሮፓውያን ብቻ አይደሉም። ከሠርግ እስከ ተዝካር ስንት ሰንጋ ሲታረድ ያዩት እናትዎ የትኛው ሥጋ ለጥብስ፣ የትኛው ለወጥ፣ የትኛው ለቋንጣ እንደሚሆን ከሥራ አስኪያጁ የተሻለ ሊያውቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው ነገር የሥጋው ዕድሜ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በከተማችን ብዙ ቤቶች ስቴክ እያሉ የሚያቀርቡት ለምን እንደሚጠነክር የሚያስረዳው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በልኳንዳ ቤት ቁርጥ ስንበላ ሥጋው የዚያኑ ዕለት የታረደ መሆኑን እንፈልጋለን፤ በቀጭኑ በስለት እየተቆረጠ በአዋዜና በሚጥሚጣ ስለሚበላም ይስማማናል። ስቴክ ግን የተለየ ሙያ ነው። በሬው ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻው እየተገተረ ይሄዳል፤ ይህ መገተር በመጀመሪያው ቀን ውስጥ በጣም ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ በሥጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ እየበጣጠሱ ያለሰልሱታል። ስለዚህ ስቴክ የሚሠራ ቤት ሥጋውን ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ለቀናት፣ እንደ ሥጋው ዓይነትም እስከ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያቆየዋል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ፍሪጁ የሚሞቅበት ቤት ይህን ማድረግ አይችልም፤ ማድረግ የለበትምም፤ ሥጋው ከመለስለስ ይልቅ ይበላሻልና። ትናንት ታርዶ ዛሬ በወፍራሙ የተጠበሰ፣ ወይም በጾሙ ሳምንታት በፍሪዘር ደርቆ ቆይቶ ጾሙ ሲፈታ በጥድፊያ የቀለጠ ሥጋ ማንም ቢጠብሰው አይለሰልስም። ጾም በተፈታ ማግስት የሥጋ ቤቶች ሁሉ ሩጫ ምን እንደሚመስል ባሕር ዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ወደ ገበያችን ከሚመጡት በሬዎች ብዙዎቹ ለዓመታት ቀንበር ተሸክመው የኖሩ ናቸው። በሬ ባረጀ ቁጥር በጡንቻው ውስጥ ያለው ማያያዣ ይጠነክራል፤ ከመታረዱ በፊት ለወራት ቢደልብም ስብ ይጨምራል እንጂ ዕድሜው አይቀንስም። ይህ ለባለ ስቴክ ቤት ሰበብ ሊሆነው አይገባም። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የፎገራ ሜዳ፣ በስሙ የሚጠራና በወተቱ የታወቀ የከብት ዝርያ ያለው፣ አለ፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጢስ ዓባይ መንገድ በምትገኘው አንዳሳም ይኸው ዝርያ የሚጠናበት የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። ከብትን የሚያውቅ ሰው በሞላበት አገር ወጣት በሬ መርጦ የሚያደልብለት ገበሬ ማግኘት ለአንድ ባለ ገንዘብ ቤት የሚከብድ አይመስለኝም። አንድ ስቴክ በ1,850 ብር ሲሸጥ በዋጋው ውስጥ ይህ ድካም አለ ብለን ነው የምንከፍለው።

አራት ሥጋ፣ ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ተሰጥቶበት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ መምጣቱ ደግሞ የወጥ ቤቱን ጉድለት በግልጽ ያሳያል። የሥጋው ውስጥ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መካከለኛ ብስለት ይባላል፤ መሃሉ ገና ሮዝ መልክ አለው፣ ጭማቂውም አልወጣም። ከ70 ዲግሪ ካለፈ ሙሉ በሙሉ በስሏል፤ ክሮቹ ተኮማትረው ውሃቸውን ይለቃሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ አንድ የሥጋ ሙቀት መለኪያ ያለው ጠባሽ አይሳሳትበትም። 50 ደቂቃውም ለጥብሱ ያስፈለገ ጊዜ አይደለም፤ ስቴክ ራሱ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚያርፍበትን ጨምሮ፣ 20 ደቂቃ ቢበቃው ነው። 300 ግራም የተባለው ግን ከመጠበሱ በፊት ያለው ክብደት ስለሆነ፣ ሰሃኑ ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ቢያጣ እንደ ማጭበርበር አይቁጠሩት፤ በየትም ቤት ያለ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ፦ አይደለም፣ ስቴክ እንዲህ አይደለም።

ወደ ሂሳቡ ስንመጣ ስሌቱ ራሱ ስህተት የለበትም። በ8,200 ብሩ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም 820 ብር ተጨምሮ 9,020 ብር ሆነ፤ በዚህ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 1,353 ብር ሲታከል 10,373 ብር ይመጣል። ታክሱ በአገልግሎት ክፍያውም ላይ ስለሚሰላ፣ የሁለቱ ጭማሪ ሰዎች እንደሚገምቱት 25 በመቶ ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናል። ታክሱ የመንግሥት ነው፤ ምግብ ቤቱ ሰብስቦ ያስገባዋል እንጂ ሊተውልዎ አይችልም። የአገልግሎት ክፍያው ግን ታክስ አይደለም። ቤቱ ራሱ የወሰነው፣ ስሙ እንደሚያመለክተውም ለአገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ ስለሆነም አገልግሎቱ ሲጓደል ስለዚህ ክፍያ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ብዙ ቤቶች «ዋጋው ታክስና የአገልግሎት ክፍያን አይጨምርም» የሚል ማስታወሻ በምግብ ዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጽፋሉ። 1,850 የተባለው ስቴክ በእርግጥ 2,340 ብር ከ25 ሳንቲም የሚያስከፍል ከሆነ፣ እንግዳ ከማዘዙ በፊት ይህን ቁጥር ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ለወራት ገንዘብ ላስቀመጠ አባት የ2,173 ብር ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ስለ ጠረጴዛው ብዙ አልልም፤ በስልክ የተያዘን ቦታ ለሌላ መስጠት ቃል ማፍረስ ነው፣ ይቅርታ አለመጠየቅ ደግሞ ጥፋቱን ያብሰዋል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ያሳዘነኝ የሥራ አስኪያጁ ንግግር ነው። «ስቴክ ያልለመደ ሰው እንዲህ ይሰማዋል» ማለት ስለ ሥጋ የተሰጠ ማብራሪያ አይደለም፤ እርስዎ በዚያ ቤት ለመቀመጥ የሚገባዎ ሰው እንዳልሆኑ በልጅዎና በእናትዎ ፊት መንገር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 14 ለማንኛውም ሸማች ከሰጣቸው መብቶች መካከል ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት፣ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ እንዲሁም በግብይቱ ለደረሰበት ጉዳት መካስ ይገኙበታል። የመጀመሪያው መብት «ፊሌ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ምን እንደነበረ የመጠየቅ መሠረት ይሆንዎታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያን ምሽት ለተነገረዎ ቃል ነው። መከበር ከቤቱ ውድነት ጋር የሚሸጥ ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ በሃምሳ ብር ሻይ ቤትም ውስጥ ያለ መብት ነው።

አስተናጋጁን በተመለከተ ግን ከልጅዎ ጋር አልስማማም። «ጥርስ አይፈልግም» ያለው ወጣት እንዲህ እንዲል የተነገረውን ነው የተናገረው የሚል ግምት አለኝ፤ የሚያስተናግድበትን ሥጋ አንድ ቀን እንኳ ቀምሶት ላያውቅ ይችላል። አስተናጋጆቹን ከሚሸጠው ምግብ የሚያቀምስ ቤት ቢኖር እንዲህ ያለው ስህተት ይቀንስ ነበር፤ ምግብ ቤት ያላችሁ አንባቢዎቼ ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል። የዚህን ልጅ ፎቶ በቲክቶክ ማውጣት ጥፋቱን ከሠሩት ሰዎች ላይ አንስቶ ደመወዙ ከሁሉ ባነሰው ላይ ይጥለዋል። ልጅዎ መጻፍ ከፈለገ ቤቱ መልስ እስኪሰጥ ይታገሥ፤ ከዚያም ቢሆን ያየውን ብቻ ይጻፍ፦ የታዘዘውን፣ የቀረበውን፣ የተከፈለውን፣ የተባለውን። «ጭቅና ብለው ሌላ ሸጡልን» የሚለው ገና ያልተረጋገጠ ግምት ስለሆነ እንደ እውነት አይጻፍ።

ሳልከራከር መክፈሌ ጥፋት ነውን ብለዋል። መክፈልዎ ጥፋት አይደለም፤ በልጅዎ ምርቃት ምሽት ጭቅጭቅ አለመፈለግዎን ማንም አባት ይረዳዋል። ቅሬታዎ የዘገየ መሆኑን ግን ልሸሽግዎ አልፈልግም። ይሉኝታ ሁላችንንም ይይዘናል፤ ሰሃኑ ሲቀርብ ዝም ብለን፣ እየመረረን በልተን፣ ሂሳቡ ሲመጣ እንናገራለን። ወጥ ቤቱ ሊያርም የሚችለው ግን ሥጋው ገና ሳይበላ ነው። አንድ ወይም ሁለት ጉርሻ እንደቀመሱ አስተናጋጁን በዝግታ ጠርተው «ይህ ያዘዝነው አይደለም፣ መልሱት» ቢሉ ነውር የለበትም፤ አብዛኛው ከተበላ በኋላ ግን ለቤቱ «በልተውታል እኮ» የሚል መውጫ ይሰጠዋል። የእናትዎ ስቴክ ሳይበላ መቅረቱ በዚህ በኩል ማስረጃዎ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ በክፉ እንደማይወስዱብኝ ተስፋ አለኝ። በደብዳቤዎ ውስጥ እናትዎ ምን መብላት እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው አላገኘሁም። አስተናጋጁ ስለ እርሳቸው ጥርስ ለእርስዎ ነገረዎት፤ እርስዎም በፍቅር፣ ከሁሉ ውዱን እንዲበሉ ብለው አዘዙላቸው። እርሳቸው ደግሞ ልጃቸው የደከመበት ምሽት እንዳይበላሽ ብለው ቁራጩን በናፕኪን ሸሸጉት። የእርስዎን ጥፋት ለመፈለግ ያነሳሁት አይደለም፤ በዕድሜ የገፋ እንግዳ ሲመጣ ዝቅ ብሎ ራሱን መጠየቅ የአስተናጋጁ ሥራ ነበር።

አሁን ምን ያድርጉ ለሚለው፣ ባለቤትዎ «ተወው» ማለታቸው ሰላም ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔ ግን ይጻፉ እላለሁ። ከማሽን የወጣውን ደረሰኝ ይፈልጉ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ስላለበት ዋናው መረጃዎ እርሱ ነው። ቅጂውን አያይዘው ለሥራ አስኪያጁ ሳይሆን ለድርጅቱ ባለቤት፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ያስገቡ፤ ሁለተኛውን ቅጂ መቀበላቸውን የሚያሳይ ፊርማና ማኅተም አስደርገው ይያዙ። በደብዳቤው ላይ ስሜትዎን ከመዘርዘር ይልቅ የፈለጉትን ለይተው ይጻፉ። በእኔ ግምት ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላሉ፦ እናትዎ ያልበሉት ስቴክ ዋጋ ከነአገልግሎት ክፍያውና ከነታክሱ፣ ማለትም 2,340 ብር ከ25 ሳንቲም እንዲመለስ፤ የቀረበው ሥጋ ከየትኛው ክፍል የተቆረጠ እንደነበር በጽሑፍ እንዲገለጽ፤ ለተነገረዎ ቃል ይቅርታ እንዲጠየቅ። አራቱም ስቴክ እንዲመለስ መጠየቅ መብትዎ ቢሆንም የበላችሁትን ጨምሮ መጠየቅ ጉዳዩን ያዳክመዋል ብዬ እፈራለሁ። ምላሽ ካላገኙ የደብዳቤውን ቅጂና ደረሰኙን ይዘው የሸማቾችን ቅሬታ ወደሚቀበለው የከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ይሂዱ። አቤቱታው ትኩስ ሲሆን ይሻላልና ሳምንታት አያሳልፉ።

ወደፊት ስቴክ ሲያዝዙ፣ በዚህ ቤትም ሆነ በሌላ፣ ሥጋው ከየትኛው ክፍል እንደሆነና ከታረደ ስንት ቀን እንደሆነው ይጠይቁ። የሚያውቅ ቤት በኩራት ይመልስልዎታል፤ አስተናጋጁ ባያውቅ እንኳ ጠባሹን ጠይቆ ይመጣል። ጥሬው ሥጋ ከመጠበሱ በፊት እንዲታይዎ መጠየቅም ይቻላል፤ ልኳንዳ ቤት ሄደን ብልቱን በጣታችን እያሳየን «ከዚህ ቁረጥልኝ» የምንል ሰዎች ስቴክ ቤት ስንገባ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

እናትዎን ስለመካስ ጠይቀውኛል። ይህ መጽሔት እጅዎ ሲገባ ፍልሰታ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል፣ እርሳቸው ዓሣም የማይቀምሱ ከሆነ ነሐሴ 16 ጾሙ እስኪፈታ ይቆዩ። ከዚያ በኋላ፣ ያን ምሽት መጀመሪያ ወዳሰቡት ወደ ዓሣው ቢመለሱ ጥሩ ይመስለኛል። ጣና ዳር ካሉት መጠነኛ ዓሣ ቤቶች በአንዱ በምሳ ሰዓት፣ ዓሣው ገና ከጀልባ እንደወረደ ሄደው፣ ቆሮሶው በሙሉው እንዳለ እንዲያሳዩዎ ያድርጉ፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ (የሚተነፍስበት ክፍል) ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ሙሉው ጥብስ አጥንቱ ሊያስቸግራቸው ስለሚችል አጥንቱ የወጣለት ጉላሽ ወይም ለብለብ ይቀላቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ምን እንዳማራቸው እርሳቸውን ይጠይቋቸው፤ «የቤት ሽሮ ይሻለኛል» ካሉም በቤት ይሠራላቸው። የድርጅቱ ባለቤት መልስ ሲሰጥዎ ቅጂውን ቢልኩልኝ በሚቀጥለው ዕትም፣ የቤቱን ስም ሳልጠቅስ፣ ለአንባቢያን አቀርበዋለሁ።